የደንገጡሯ መግቢያ

ጥቅምት 6

ሚጡዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ጉልበቴ ከመነዝነዙ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ በመነጽር። ልብስ ልትሰፊላቸው የገባሽበት ቲያትር ቤት ተዋናይ ያድርግሽ? ያቺ ልጅ በልምምድ መሀል አግብታ ጥላቸው መሄዷ ለእነሱ ጉድ ነው፤ ለእኛ ግን ሲሳይ። እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድ ሰው እንኳ አጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ አንቺ መርፌ ይዘሽ ገብተሽ ሊጨበጨብልሽ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው እንሂድ። ይሄ አዘጋጃችሁ ጤና አለው? መጽሐፉን ደብቆ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ንግግር ብቻ ቆራርጦ ይሰጣል? የላክሽልኝን ብጣሽ ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ስገለባብጣቸው ዋልኩ። የአንቺ ንግግር አለ። ከላዩ ደግሞ ከአንቺ በፊት የሚናገረው ሰው የመጨረሻ ሦስት አራት ቃላት አሉ፤ መግቢያሽ እሱ ነው ብሎ አስምሮበታል። ከዚያ ውጭ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ የሚያውቅ የለም። እንግሊዞቹ በጥንት ጊዜ እንዲህ ይሠሩ እንደነበር አንብቤያለሁ፤ ያኔ ግን ሙሉውን በእጅ መገልበጥ አድክሟቸው ነው። የእናንተን ሰውዬ ምን አደከመው? «ሁሉንም ካወቃችሁ ፊታችሁ ይዋሻል» አላችሁ? እኔ እንጃ።

ለማንኛውም ሥራሽ ግልጽ ነው። አንቺ የአንዲት እመቤት ደንገጡር ነሽ። «ሠራተኛ» ልልሽ ነበር፤ እንግሊዝኛው አርጅቶ አማርኛው ለምን ወጣት ይሁን ብዬ ነው የተውኩት። «ፕሪዚ» ያልሽው «እባክሽ» ነው፤ «ስለምንሽ» እንደማለት። «ዛው» እና «ዚ» ሁለቱም አንተ ወይም አንቺ እንደማለት ናቸው። አትገረሚ፤ እነሱም እንደኛ አንቺና እርስዎ ነበራቸው። በኋላ «አንቺ»ን ጣሏትና አሁን ውሻቸውንም ንጉሣቸውንም በአንድ ቃል ይጠራሉ። «አኖን» ደግሞ «ቶሎ፣ አሁኑኑ» ማለት ነው። በመጀመሪያው ብጣሽ ላይ እመቤቲቱ ስትጣራ መጨረሻ ላይ የምትላት ቃል እሷ ናት፤ «አኖን» ስትል ትገቢያለሽ። ያቺን ቃል ጆሮሽ ላይ አንጠልጥያት።

እኔ እንደገባኝ የቤቱ አሣቂ ነሽ። እየዘፈንሽ ትገቢያለሽ፤ በየመስመሩ «ደስ ይበልሽ» ትያለሽ። ሐዘን በሚበዛባቸው በእነዚህ አሮጌ ተውኔቶች ውስጥ ተመልካቹ እንዲተነፍስ አንድ ቀልደኛ አሽከር መጨመር የተለመደ ነው። ስለዚህ ሳቂ። እስከ ኅዳር አጋማሽ ካልሆነልሽ ሥራውን ለዚያች ለረጅሟ ተዋናይ ሊሰጣት ነው ያልሽውን ሰምቻለሁ። አይሰጣትም፤ እኔ አለሁልሽ።

ስልኩ ተበላሽቷል፤ በከንቱ አትደውዪ። አክስትሽ እንደ ልማዷ ከደብዳቤዬ ግርጌ ሁለት መስመር ያልጨመረችው እጇ አልመች ብሏት ነው። ሰላም ብላሻለች።

ጋሼሽ


ጥቅምት 15

ጋሼዬ፣

እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት አንተ እንዳልከኝ እያሽካካሁ ገባሁ። አብራኝ የምትለማመደው እመቤቲቱን የምትሠራዋ ሴት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ማዶ ባለው ክፍል በር ተዘግቶባቸው ነው የሚለማመዱት። አዘጋጁን ኮስታራው ነው የምንለው። አላሞገሰኝም፣ አልተቆጣኝም፤ ቆሞ አየኝና እርሳሱን ነከሰ። ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ ነው? ረጅሟ ጥግ ላይ ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃሌን ትሸመድዳለች። ጠዋት ጠዋት ከመድረኩ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ልብስ እሰፋለሁ፤ ከሰዓት ክሩ ፀጉሬ ላይ እንዳለ እሮጣለሁ። እመነኝ ጋሼ፣ አንዳንዴ የምናገረውን ነገር ትርጉሙን አውቄ እንኳ ለማን እንደምናገረው አላውቅም።

አዳዲስ ብጣሾች ልኬልሃለሁ፤ ያልገቡኝን ከጀርባቸው ጽፌባቸዋለሁ።

ይቺኛዋ ጥያቄ ግን ለእትዬ ናት፤ ጮክ ብለህ አንብብላት። እትዬ፣ ለደንገጡሯ ልብስ አንገት ዙሪያ የሚቆም፣ እጥፍጥፍ ያለ ሰፊ ነጭ ኮሌታ ስፊ ተብያለሁ። ሦስቴ ሰፍቼ ሦስቴ ፈታሁት። አሳምሬ ተኩሼው ሁሉ ለብሼው ትንሽ ስቆይ ትከሻዬ ላይ ዝርግት ይላል። ምን እያጠፋሁ ነው? ሳቂብኝ፤ ግን ንገሪኝ።

የአውቶቡሱን ትኬትና የመግቢያ ካርዱን አብሬ አድርጌያለሁ። የእትዬ ወንበር ፊት ረድፍ፣ በግራ ጠርዝ ነው፤ እግሯን መዘርጋት እንድትችል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ የለበስኩትን ሁሉ የሰፋችው እሷ ናት፤ እኔ የሰፋሁትን ለብሼ እኔ ስቆም ካላየችኝ መድረኩ ለኔ ምኔም አይደለም። አንተም መጥተህ እንግሊዝኛዬን እየሰማህ ተሸማቀቅ።

ስልኩን ደግሞ አሠሩት እንጂ! ከደብዳቤህ ግርጌ «ሹራብ ልበሺ፣ ማታ አትውጪ» የሚል ሳይኖር ደብዳቤው ያላለቀ እየመሰለኝ አገላብጠዋለሁ።

ሚጡ


ጥቅምት 25

ሚጡዬ፣

የዘገየሁት ቤቱ ውስጥ ትንሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ይቅርታ። ይቺን ደብዳቤ እንኳ ስጽፍ ስንቴ እንደተነሳሁ አትጠይቂኝ።

ከጀርባ ለጻፍሽው መልሱ ይኸው። ስለ መጀመሪያው ቃል ረጅሟ ያለችሽ ልክ ነው፤ ሳልወድ ነው የማምንላት። እኔ ክፍል ውስጥ «ፎንድ»ን «የሚወድ» ብዬ ነው ያስተማርኳችሁ፤ የዛሬው እሱ ነው። በዚያ ዘመን ግን «ሞኝ» ማለት ነበር። ስለዚህ እመቤትሽን «ሞኟ እመቤቴ» እያልሻት ነው፤ እሷ በማትሰማበት ጥግ ላይ። አየሽ፣ ቀልደኛ ነሽ ያልኩሽ! ሁለተኛው «ስቲል» ደግሞ «አሁንም» አይደለም፤ «ሁልጊዜ» ነው። ሦስተኛውን ግን በሦስት መዝገበ ቃላት ፈልጌ አጣሁት። ወይ የገልባጩ ስህተት ነው፣ ወይ እኔ አርጅቻለሁ። አንቺ ዘፈን ውስጥ ስለሆነ ዋጥ አድርገሽ እለፊው።

ምሳ ስሠራ ንግግርሽን ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። እመቤቲቱንም አንቺንም እኔው ነኝ። «አኖን!» ብዬ እጣራና ከጓዳ እየዘፈንኩ እወጣለሁ። ጎረቤት አበደ ብሎ ይሆናል።

ትኬቱ ደርሷል፤ ራዲዮኑ ሥር አስቀምጬዋለሁ። አክስትሽ ስለ ኮሌታው እንደሚመስልሽ አድርገሽ ስፊው ብላለች። በጣም ናፍቃሻለች፤ ይሄ እውነት ነው።

ጋሼሽ


ኅዳር 3

ጋሼ፣

«እንደሚመስልሽ»? እትዬ? በስፌት? የአንድ ቁልፍ ቀዳዳ ጠመመ ብላ ለሠርግ የተሰፋ ልብስ ስታስፈታ ያየኋት ሴትዮ እኮ ናት! በሕይወቷ ለማንም «እንደሚመስልሽ ስፊ» ብላ አታውቅም። ደግሞ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ምሳ የምትሠራው? ውሃ ለማፍላት ድስቱ የት እንዳለ የምትጠይቅ ሰውዬ።

ነቅቼብሃለሁ። ተጣልታችኋል አይደል? እሷ ተቀይማ ወጥ ቤቱን ጥላልህ መኝታ ቤት ገብታለች፤ አንተ ደግሞ በሽማግሌነትህ አፍረህ ስልክ ተበላሸ ትለኛለህ። እኔ እዚህ ደንገጡር ሆኜ የባዕድ እመቤት አስቃለሁ፤ እቤቴ ግን ሰው ተኳርፏል። ምን አደረግካት? ምንም ይሁን ምን ጥፋተኛው አንተ ነህ፤ ይቅርታ ጠይቃት። ያን አሮጌ እንግሊዝኛህን አውጥተህ «ፕሪዚ» በላት።

ሙሉውን ተውኔት የምንገናኝበት ልምምድ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሁላችንም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መድረክ ላይ ልንወጣ ነው። የመጨረሻዋን ብጣሽ ተመልከትልኝና ቶሎ መልስልኝ።

ሚጡ


ኅዳር 9

ሚጡ፣

አወቅሽብኝ እንግዲህ። አዎ፣ ትንሽ ተኳርፈናል። በዚህ ዕድሜ ስለማያምር ነው የደበቅኩሽ። ይበርዳል፤ አንቺ ሐሳብሽን ሥራሽ ላይ አድርጊ።

የመጨረሻዋን ብጣሽ አይቻለሁ፤ እዚህ ላይ ግራ ተጋባሁ። እስካሁን እመቤቲቱ «ዚ» እያለች ነበር የምትጠራሽ፤ አንቺ ብላ። እዚህ ግን በድንገት «ዩ» አለችሽ። በዚያ ዘመን ሰዎች ይህን በዋዛ አይቀያይሩትም። እናት ልጇን ድንገት «እርስዎ» ስትላት አስቢው። ወይ ተቀይማሻለች፣ ወይ አንቺን ማየት አስጠልቷታል። ምን አድርገሻት ይሆን? ብጣሾቹ ላይ ምንም ጥፋት የለብሽም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈንና ማጽናናት ነው። ምናልባት ዕቃ ሰብረሽ ይሆናል።

እኔ የምመክርሽ ሳቅሽን እንዳትቀንሺ ነው። የመጨረሻው መግቢያሽ ላይ እንደውም ከፍ አድርጊው፤ አኩርፋ ስታበቃ የምታስታርቂያት ይመስለኛል።

አክስትሽ ሰላም ብላሻለች።

ጋሼሽ


ኅዳር 16

ጋሼ፣

ጉድ ሆንኩ። ጉድ ሆንን፤ አንተም አለህበት።

ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እጠብቃለሁ። መድረኩ ላይ ሰው ሲናገር ይሰማኛል፤ ግን በዚያ እንግሊዝኛ ከአምስት ቃል አንዱን ነው የምይዘው። መግቢያዬ ተባለ። አንተ ከፍ አድርጊው ያልከኝን ሳቅ ይዤ፣ እየዘፈንኩ፣ ቀሚሴን እያሽከረከርኩ ገባሁ። መሀል መድረኩ ላይ ቃሬዛ አለ። ቃሬዛው ላይ አንድ ልጅ ተኝቷል፤ የእመቤቲቱ ልጅ። ሞቷል። እሷ ቃሬዛው ሥር ተንበርክካ ቀና ብላ አየችኝ። ጋሼ፣ ክው አልኩ። ሳቁ አፌ ላይ ቀረ፤ ዘፈኑም እንደተከፈተ ቀረ። እሷም ያንን «ዩ»ዋን አለችኝ፤ «እርስዎ ያውቁ ነበር» ብላ።

እኔ ቀልደኛ አይደለሁም። ልጁ ጦር ሜዳ መሞቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከመጀመሪያው ብጣሽ ጀምሮ አውቃለሁ! ሴት ልጇ እስክትዳር ድረስ እናትየዋ እንዳትሰማ ብዬ ነው የምዘፍነው። «ደስ ይበልሽ» የምለው ለዚያ ነው። «ሞኟ እመቤቴ» ያልኩትም እያላገጥኩባት አይደለም፤ አንጀቴ እያረረ ነው። እሷ ግን የልጇን ሬሳ መንገደኛ ተሸክሞት ሲገባ ነው ያወቀችው። ከዚያ በሯን ትዘጋለች፤ አትከፍትም። ያ ነው መጨረሻው። ትርጉሙን ቃል በቃል አውቀነዋል ጋሼ፣ በአንዱም አልተሳሳትክም፤ ነገሩ ግን ለሁለታችንም አልገባንም።

ኮስታራው ብድግ ብሎ «ይሄን ፊት ነበር የምፈልገው» አለ። ለዚህ ነበር የደበቃችሁኝ? አልኩት። ለጥበቡ ነው አለኝ። ሥራው የኔ ነው፤ ረጅሟ የለችበትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ማታ ግን እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ደንገጡሯ ክፉ አይደለችም። ትወዳታለች። ግን እስቲ ንገረኝ፣ አንዲት እናት ምን መስማት እንዳለባት ቆርጦ የመስጠት ሥልጣን ለሷ ማን ሰጣት? እንደ ሕፃን ሲያዘፍኗት መቆየቷን ስታውቅ አይብስባትም? ይሄን ሳስብ ነው ያደርኩት። አንተ አስተማሪ ነህ፤ መልስልኝ።

ከእትዬ ጋር ታረቃችሁ?

ሚጡ


ኅዳር 22

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ወረቀት አውጥቼ፣ አስቀምጬ፣ እንደገና አወጣሁ።

እኔና አክስትሽ አልተጣላንም። በመስከረም መጨረሻ ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ስትሮክ መታትና ወደቀች። ቀኝ እጇን ይዞባታል፤ አንደበቷን ዘግቶባታል። ሆስፒታል ቆይተን ወደ ቤት ተመልሰናል። ተዋናይ መሆንሽን የነገርሽን ደብዳቤ ያነበብኩላት አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ነው። በግማሽ ፊቷ ሳቀች። ያን ሳቅ ሳይ ነው ላለመንገር የወሰንኩት። ብነግርሽ በዚያው ቀን ሁሉን ጥለሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ። ስልኩም አልተበላሸም፤ ድምፄን ስለምታውቂው ፈርቼ ነው። ስለ ኮሌታው የጻፍኩልሽም የኔው ፈጠራ ነው።

ሐኪሙ የምትሰማውን ሁሉ ትረዳለች አለኝ፤ ቃሉ ነው መውጫ ያጣው። ሁለተኛ ከመታት ግን ብሎ ጀመረና መድኃኒቱን መጻፍ ቀጠለ። እኔም አልጠየቅኩትም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። ምሳ እየሠራሁ ብጣሽሽን ጮክ ብዬ ሳነብ ከመኝታ ቤት ድምፅ ሰማሁ። «አኖን» አለች። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። እንግሊዝኛ አንድ ፊደል የማታውቅ ሴት፣ ከወደቀች ወዲህ አንዲት ቃል ያልወጣት ሴት፣ የጥንት እንግሊዞችን ቃል ከኔ አፍ ለቀመች። ከዚያ ወዲህ ያላት ቃል እሱ ብቻ ነው። ውሃ ስትፈልግ አኖን፤ መስኮቱ ሲከፈት አኖን፤ ሾርባዬ ጨው ሲበዛበት አኖን፣ እሱንማ በግልምጫ ነው። መዝገበ ቃላቴን ጭኔ ላይ አድርጌ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ምን ፈልገሽ ነው እላለሁ፤ ሳይገባኝ ሲቀር እሷም ታለቅሳለች፣ እኔም ወደ ጓዳ እገባለሁ። በተለይ ከሰዓት በኋላ በሩን ትክ ብላ እያየች «አኖን» ትላለች። እከፍተዋለሁ፤ ማንም የለም። እዘጋዋለሁ፤ ትቆጣለች። ዕድሜዬን ቃል ስተረጉም ኖሬ የሚስቴን አንዲት ቃል አቃተኝ።

ስምሽን እስካሁን አልጠራችም። የኔንም አልጠራችም።

እንደ ደንገጡሯ ወድጄ ነው። ይቅር በዪኝ።

ጋሼሽ


ኅዳር 27

ይድረስ ለተከበሩ መምህር፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

ሁለት ወር ሙሉ ለእርሷ ጥያቄ ስጽፍ፣ ትኬት ስልክ፣ እግሯን የምትዘረጋበት ወንበር ስመርጥ ዝም ብለው ተመለከቱኝ። ቃሬዛው ቤታችን ውስጥ ሆኖ ከፍ አድርገሽ ሳቂ ብለው መከሩኝ። ኮስታራው ቢያንስ ብጣሽ እየሰጠኝ መሆኑን ነግሮኛል።

ሥራውን ለረጅሟ እተወዋለሁ፤ ንግግሩን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። ትርኢቱ የሚከፈተው ታኅሣሥ 6 ነው። የቀሩትን ልብሶች ሰፍቼ ሳላስረክብ ሰውን ሁሉ ራቁቱን ጥዬ መሄድ ስለማልችል እንጂ ዛሬውኑ እነሳ ነበር። እንዳስረከብኩ መምጣቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለው ያንብቡላት። ማወቄን ትወቅ። የሚዘለል መስመር እንዳይኖር።

እትዬ፣ አላወቅኩም ነበር። ባውቅ ኖሮ እስቅ ነበር እንዴ?

ሚጡ


ታኅሣሥ 1

ልጄ፣

ቶሎ እንዲደርስሽ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ። «እርስዎ» ብለሽኛል። ራሴ ባስተማርኩሽ ነገር መታሽኝ፤ ይገባኛል።

እንዳዘዝሽኝ አንድም መስመር ሳልዘል አነበብኩላት። «አላወቅኩም ነበር» ያልሽው ጋ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች። «ለረጅሟ እተወዋለሁ» ያልሽውን ስትሰማ ደግሞ፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ እየነገርኩሽ ነው፣ በግራ እጇ ፍራሹን መታችና «አኖን!» ብላ ጮኸችብኝ። ወደ ራዲዮኑ ጠቆመች። ትኬቱን አውጥቼ ሰጠኋት፤ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ልትሄጂ ነው? አልኳት። አይደለም። ሚጡ ትምጣልሽ? እንባዋ ወረደ። እንግዲያው ሥራውን ትታ ትምጣ? ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም። ትምጣ ወይስ ትቅር? አሁንም አኖን። በቃ፣ አልገባኝም ልጄ። እንደገባኝ አስመስዬ ሁለተኛ አልጽፍልሽም።

ከዚያ ወረቀት በምልክት ጠየቀችኝ። ልትጽፍ መስሎኝ ደስ ብሎኝ እስክሪብቶ ሰጠኋት፤ ወረወረችው። ወረቀቱን በአገጯ ይዛ በግራ እጇ ማጠፍ ጀመረች። አጠፈች፣ ተበላሸባት፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈች። ላግዝሽ ስላት እጄን ገፋችው። እስኪመሽ እዚያ ላይ ነበረች። ሲያልቅ ጠማማ፣ ጭምድድ ያለ ነገር ነው። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ልጥለው ስል አንገቷ ላይ አስጠግታ አሳየችኝ።

ጥያቄሽን በጥቅምት አንብቤላት ነበር። መልስ የላትም ብዬ ከራሴ ፈጥሬ ጻፍኩልሽ። መልስ ነበራት። እኔ ነኝ ጊዜ ያልሰጠኋት።

ኮሌታውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ሳጥን ውስጥ ያደረግኩት እንዳይጨፈለቅ ነው።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 8

ጋሼዬ፣

ሳጥኑን የከፈትኩት ልብስ መስፊያው ክፍል ውስጥ ነው። እጥፋቱን አንድ በአንድ በጣቴ ተከተልኩት። ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚታጠፈው፤ እኔ ከውጭ ወደ ውስጥ እያጠፍኩ ነበር፤ ለዚያ ነው ዝርግት የሚልብኝ። ይቺ ሴትዮ በአንድ እጇ፣ ያውም በግራዋ፣ እዚያ ሆና አረመችኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩና ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ለረጅሟ መስጠት አልቻልኩም። እትዬ የጀመረችውን ልብስ ሳትጨርስ ከመኪናዋ ተነስታ አታውቅም፤ ያንኑ ነው የነገረችኝ ብዬ አሰብኩ። ተሳስቼ ከሆነም እሷው ትቆጣኛለች።

እና ሠራሁት። ወንበሯ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ የሰፋችልኝን ካፖርት ዘርግቼበት ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እመቤቲቱ «አኖን» ስትል የሰማሁት የሷን ድምፅ አልነበረም፤ የእትዬን ነበር። እየዘፈንኩ ገባሁ። ሳቅኩም። እያወቁ መሳቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል፤ አንተም ሁለት ወር እንዴት እንደከበደህ ገብቶኛል። ተናድጄብሃለሁ አሁንም። ግን «እርስዎ» ማለት አቃተኝ፤ አፌም እጄም እምቢ አለኝ።

ኮስታራው እስከሚቀጥለው ትርኢት ለቆኛል። ሰኞ እሳፈራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ። ይቺን ደብዳቤ በዚያው ሾፌር ልኬያታለሁ፤ ትቀድመኛለች።

መዝገበ ቃላቱን ከጭንህ ላይ አንሳው ጋሼ። እሷ ምን ማለቷ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ውሃ ይሆናል፣ መስኮት ይሆናል፣ ሾርባህም ይሆናል። በሩን እያየች ስትለው ግን እኔ ማድረግ ያለብኝን አውቃለሁ፤ ሁለት ወር የተለማመድኩት እሱን ነው።

ስደርስ አላንኳኳም። በመስኮት ታየኛለህ፤ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ፣ ኮሌታውን አድርጌ። እንዳትደብቃት። «ሚጡ መጥታለች፣ በሩ ጀርባ ናት» ብለህ ንገራት። በሩን ግን አትክፈትልኝ፤ በእሷ ፋንታም አትጣራ። ቢቆይባትም ዝም በል።

እስክትጠራኝ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ሚጡ